ሊዮንቲን ፕራይስ እና አይዳ

ሊዮንቲን ፕራይስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1927 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ሎረል በምትባል የእንጨት ሥራ ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ጄምስ በእንጨት መሰንጠቂያ ይሠራ ነበር። እናቷ ኬት አዋላጅ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያንም ትዘምር ነበር። ባልና ሚስቱ ልጅ ሳያገኙ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ስለነበር የመጀመሪያ ልጃቸው እንደ ስለት ልጅ በስስት አደገች። ሙዚቃ እንደምትወድ ባዩ ጊዜ የቤታቸውን የሸክላ ማጫወቻ ለፒያኖ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ አድርገው ሰጡ። ከአዋላጅና ከእንጨት ሠራተኛ ገቢ አንጻር ይህ ትልቅ ውሳኔ ነበር።

ሎረል በዚያን ጊዜ ነጭና ጥቁር በአንድ ትምህርት ቤት የማይማሩባት ከተማ ነበረች። የልጅቷ አክስት በሠራተኝነት የምታገለግለው የቺዝም ቤተሰብ ግን ሙዚቃ ወዳድ ነበር። የቤቱ እመቤት ኤልሳቤጥ ቺዝም ፒያኖ እየተጫወተች ልጅቷን ታዘፍናት ነበር፤ በኋላም ለትምህርቷ ገንዘብ በማውጣት ትልቅ ውለታ ዋለችላት። ፕራይስ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ጃክሰን ወስዳ ማሪያን አንደርሰንን አሰማቻት። አንደርሰን በወፍራም የሴት ድምፅ፣ ማለትም በኮንትራልቶ፣ የዘመኑ ቁንጮ ነበረች። ሆኖም የአሜሪካ ታላላቅ የኦፔራ ቤቶች ለጥቁር ዘፋኝ በራቸውን ስለዘጉ በኮንሰርት መድረክ ብቻ ነበር የምትሰማው። ፕራይስ የሙያዋ መነሻ ያ ምሽት እንደነበረ ደጋግማ ተናግራለች።

ያም ሆኖ ወደ ኦሃዮ፣ ዊልበርፎርስ ኮሌጅ የሄደችው የሙዚቃ መምህርት ለመሆን ነበር። ለተማረች ጥቁር ሴት ክፍት ከነበሩት ጥቂት የሥራ መስኮች አንዱ መምህርነት ነበርና። ድምፅዋን የሰሙ መምህራኖቿ ግን ወደ ዘፈን ገፋፏት። በ1948 ኮሌጁን ጨርሳ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስታልፍ፣ ታዋቂው ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ለትምህርቷ ወጪ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ዘፍኖላታል። በጁሊያርድ መምህርቷ ፍሎረንስ ፔጅ ኪምቦል ነበረች፤ ፕራይስም ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ለብዙ ዓመታት ምክሯን አልተለየችም።

በ1952 በጁሊያርድ ተማሪዎች በቀረበው የቨርዲ “ፋልስታፍ” ስትጫወት የሙዚቃ ደራሲው ቨርጂል ቶምሰን ሰምቶ ለራሱ ኦፔራ መረጣት። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በገርሽዊን “ፖርጊ ኤንድ ቤስ” ውስጥ ቤስን ሆና ዳላስ ላይ ጀመረች፤ ከዚያ ቡድኑ ወደ ቪየና፣ በርሊን፣ ለንደንና ፓሪስ ተጓዘ። ፖርጊን የሚጫወተው ባለወፍራም ድምፁ ዊልያም ዋርፊልድ ነበር። ሁለቱ ወደ አውሮፓ ሊሄዱ ሲሉ ሃርለም በሚገኘው በአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1808 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ መካከል በነጭ ምእመናን ዘንድ ለጥቁሮች የተለየ መቀመጫ መመደቡን አንቀበልም ያሉ የኢትዮጵያ ነጋዴዎች እንደነበሩ በትውፊት ይነገራል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ጋብቻው አልሰነበተም፤ ባልና ሚስቱ ተለያይተው ብዙ ከቆዩ በኋላ በ1973 በሕግ ተፋቱ።

በጃንዋሪ 1955 የኤንቢሲ ቴሌቪዥን የኦፔራ ክፍል የፑቺኒን “ቶስካ” በቀጥታ ሲያስተላልፍ ዋናዋ ተጫዋች ፕራይስ ነበረች። ቶስካ በሮም የምትኖር ታዋቂ ዘፋኝ ናት፤ ፍቅረኛዋም ነጭ ተዋናይ ነበር። በደቡብ ግዛቶች የሚገኙ በርካታ የጣቢያው አጋሮች ፕሮግራሙን አናስተላልፍም አሉ። ቢሆንም በሚሊዮን የሚቆጠር የአሜሪካ ሕዝብ በየሳሎኑ ተቀምጦ አንዲት ጥቁር ሴት ጣሊያናዊት ሆና ስትዘፍን ያየው በዚያ ቀን ነው። የኦፔራ ቤቶች አስተዳዳሪዎች ሕዝቡ አይቀበለውም እያሉ ሲያቀርቡት የኖሩት ሰበብ ከዚያ ወዲህ እየሳሳ ሄደ።

ፕራይስን ለዓለም ያስተዋወቃት ግን ከቶስካ ይልቅ አይዳ ናት። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናትና የኦፔራው አመጣጥ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው።

የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ካይሮን የፓሪስ አምሳያ ለማድረግ ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። በ1869 የኦፔራ ቤት አሠርቶ በቨርዲ “ሪጎሌቶ” አስከፈተ፤ ቀጥሎም ለካይሮ ብቻ የሚጻፍ አዲስ ኦፔራ እንዲደረስለት አዘዘ። የታሪኩን ንድፍ ያወጣው በግብፅ የጥንታዊ ቅርሶች ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪዬት ነው፤ ግጥሙን ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈ፤ ሙዚቃውን ቨርዲ ደረሰ። አልባሳቱና የመድረኩ ጌጥ ፓሪስ ውስጥ ይሠራ ስለነበር የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን በከበበ ጊዜ ዕቃው ሁሉ እዚያው ታገተ። በዚህ ምክንያት ኦፔራው ዘግይቶ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

በታሪኩ አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት ምርኮኛና የንጉሡ ልጅ የአምኔሪስ አገልጋይ ናት፤ የንጉሥ ዘር መሆኗን ማንም አያውቅም። ራዳሜስ የተባለው የግብፅ የጦር አለቃ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። አምኔሪስ ደግሞ ራዳሜስን ለራሷ ትፈልገዋለች። የአይዳ አባት ንጉሥ አሞናስሮ በጦርነት ተማርኮ ሲመጣ፣ የግብፅ ጦር የሚሄድበትን መንገድ ከፍቅረኛዋ አፍ አውጥታ እንድትነግረው ያስጨንቃታል። አይዳ ለአባቷ ትታዘዛለች፤ ራዳሜስ በአገር ክህደት ተፈርዶበት ከነሕይወቱ በመቃብር ይዘጋበታል፤ እሷም አስቀድማ ሾልካ ገብታ ትጠብቀውና አብራው ትሞታለች። ማሪዬት “ኢትዮጵያ” ሲል በጥንታዊ ግሪኮች አጠራር ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የኩሽ ምድር ነበር የሚያስበው፤ በኦፔራው የምትጠራው ናፓታም ዛሬ የምትገኘው በሱዳን ነው። በ1871 ግን እስማኤል ዓይኑን በቀይ ባሕር ዳርቻና በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ጥሎ ነበር።

አራት ዓመት ሳይሞላ እስማኤል ጦሩን ላከ። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ደግሞ ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት የግብፅን ጦር ድል መታው። እስማኤል ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችን በደመወዝ ቀጥሮ ነበር። በጉራ ከግብፁ አዛዥ ከራቲብ ፓሻ ቀጥሎ የነበረው ዊልያም ሎሪንግ ከእነሱ አንዱ ነው። ሎሪንግ በ1863 ባርነት እንዳይፈርስ ከተነሡት የደቡብ ግዛቶች ጎን ቆሞ በሚሲሲፒ ምድር የተዋጋ ጄኔራል ነበር። ከሚሲሲፒ ወጥታ የኢትዮጵያን ልዕልት ለዓለም የምታሰማው ልጅ የተወለደችው ሎሪንግ ጉራ ላይ ድል ከተመታ ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች አይዳን የሚዘፍኑት በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። ፊታቸውንና ክንዳቸውን ቡናማ ቀለም ተቀብተው ይወጡ ነበር፤ ይህም ለሰማንያ ዓመታት ያህል እንደ አልባሳቱ ሁሉ እንደ ተራ ነገር ሲታይ ኖሯል። ፕራይስ በዚህ ሚና የወጣችው በአጋጣሚ ነው። በ1957 በሳን ፍራንሲስኮ ኦፔራ የፑሌንክን “የካርሜላውያን ደናግል ውይይት” ለመዝፈን ሄዳ ሳለ፣ አይዳን እንድትጫወት የተያዘችው ጣሊያናዊት አንቶኒዬታ ስቴላ በትርፍ አንጀት ሕመም ተኛች። ሚናውን ታውቂዋለሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅ ፕራይስ አዎ አለች፤ ገብታም ዘፈነች። በቀጣዩ ዓመት የኦርኬስትራ መሪው ሄርበርት ፎን ካራያን ወደ ቪየና ወስዶ በዚያው ሚና አስተዋወቃት፤ በዚያው በጋ በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ዘፈነች። ሜይ 21 ቀን 1960 ደግሞ ሚላን ላይ ላ ስካላ አይዳን ሆና ገባች። በጣሊያን የኦፔራ መቅደስ ውስጥ ዋናውን የሶፕራኖ (የከፍተኛ የሴት ድምፅ) ሚና በጣሊያን ኦፔራ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ዘፋኝ እሷ ናት። አይዳን ስትዘፍን ቆዳዋ ራሱ አልባሷ እንደሆነ መናገሯ የታወቀ ነው።

ይሁንና ታዳሚውን የገዛው ቆዳዋ ሳይሆን ድምፅዋ ነው፤ ይህን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የአይዳ ሚና ለስላሳ ዜማን ከኃይለኛ ጩኸት ጋር አጣምሮ ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ክፍል የድል ሰልፍ ላይ የዘፋኟ ድምፅ በኦርኬስትራው፣ በጥሩምባውና በብዙ መዘምራን ላይ ተሻግሮ መሰማት አለበት። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ አይዳ በናይል ዳርቻ በሌሊት ብቻዋን ቆማ ዳግም የማታየውን አገሯን ስትናፍቅ ትዘፍናለች። “ኦ ፓትሪያ ሚያ” የሚባለው ይህ አሪያ (የብቻ ዜማ) ሶፕራኖዎች የሚፈሩት ነው። ዜማው ቀስ እያለ ሲወጣ ቆይቶ ጫፍ ላይ ከፍተኛውን ዶ ይነካል፤ ቨርዲ ያንን ድምፅ በጩኸት ሳይሆን በለሆሳስና በጣፋጭነት እንዲወጣ ነው ያዘዘው። ብዙዎች ወይ ጮኸው ያልፉታል፣ ወይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የፕራይስ ድምፅ ከታች ጠይም ጭስ ያዘለ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ግን እየጠራና እየሰፋ የሚሄድ ስለነበር ያንን ጫፍ ያለ ጭንቀት ትደርስበትና ትቆይበት ነበር። ከሸክላዎቿ መካከል በ1961 በጊዮርግ ሾልቲ መሪነት የተቀረጸው “አይዳ” እስከ ዛሬ የሚናው መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል።

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በር ለጥቁር ዘፋኞች የተከፈተው በ1955 ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን ማሪያን አንደርሰን፣ ያኔ ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ በቨርዲ “ኡን ባሎ ኢን ማስኬራ” በትንሽ ሚና ወጣች። ከሃያ ቀን በኋላ ሮበርት ማክፌሪን የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆኖ በዚያው ቤት ዘፈነ፤ የተሰጠው ሚናም የአይዳ አባት፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ አሞናስሮ ነበር። የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሩዶልፍ ቢንግ በ1958 ፕራይስን ለጥቂት የአይዳ ምሽቶች ጋበዛት፤ እሷ ግን አልተቀበለችም። በቴሌቪዥን ኦፔራ ያሳደጋት ፒተር ኸርማን አድለር መክሯት ነበር፤ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ እንደ እመቤት እንጂ እንደ ባሪያ መሆን የለባትም የሚል ነበር ምክሩ። በሙያ ሕይወቷ ከወሰነቻቸው ነገሮች ሁሉ ይህ እምቢታ ይልቃል። ለጥቁር ዘፋኝ ጥቁር ሚና ብቻ ይገባል የሚለውን አመለካከት ገና ከደጁ ላይ አቁሞታልና።

ሦስት ዓመት ያህል ጠብቃ ጃንዋሪ 27 ቀን 1961 በቨርዲ “ኢል ትሮቫቶሬ” የስፔን መኳንንት ልጅ ሌኦኖራን ሆና ገባች። በከፍተኛ የወንድ ድምፅ የሚዘፍነው (ቴነር) ፍራንኮ ኮሬሊም በዚያች ሌሊት ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቱ የዘፈነው። መጋረጃው ከወደቀ በኋላ ጭብጨባው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀጠለ፤ በሜትሮፖሊታን ታሪክ ከተመዘገቡት ረጅሞቹ አንዱ ነው። በቀሩት ጥቂት ወራት አይዳን፣ ማዳም ባተርፍላይን፣ በሞዛርት “ዶን ጆቫኒ” ዶና አናን፣ በፑቺኒ “ቱራንዶት” ሊዩን ጨመረች። በማርች የታይም መጽሔት የፊት ገጽ ላይ ወጣች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዓመታዊው የትርኢት ወቅት በእሷ ተከፈተ፤ ለጥቁር ዘፋኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ግን ሸክሙ ከብዷት ነበር። የወቅቱ መክፈቻ የነበረውን “ላ ፋንቹላ ዴል ዌስት”ን በሁለተኛው ምሽት ስትጫወት ድምፅዋ ጠፋ፤ የመድረኩን ክፍል እየተናገረች ጨረሰች፤ የመጨረሻውን ክፍል ሌላ ዘፋኝ ተክታ ዘፈነችው። ፕራይስ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ርቃ አረፈች። ሚናው ለድምፅዋ ይከብዳት እንደነበር ተረድታ በኋላ ተወችው። ድምፅዋ ከሌሎች የዘመኗ ሶፕራኖዎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያገኘው እንዲህ ማንነቱን አውቃ እምቢ ማለት ስለቻለች ነው።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1966 ሜትሮፖሊታን ከአሮጌው ቤት ወጥቶ ወደ ሊንከን ሴንተር ሲገባ፣ ለአዲሱ ቤት መክፈቻ ሳሙኤል ባርበር “አንቶኒ ኤንድ ክሊዮፓትራ”ን ጻፈ። ባርበር የፕራይስን ድምፅ ከ1953 ጀምሮ ያውቀዋል፤ “ሄርሚት ሶንግስ” የተባሉትን ዜማዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው እሷ ነበረች፤ የክሊዮፓትራን ክፍልም በልኳ ሰፋው። መድረኩን የነደፈውና ያዘጋጀው ፍራንኮ ዜፊሬሊ ግን አዲሱ ቤት የያዘውን ማሽን ሁሉ በአንድ ምሽት ሊያሳይ ፈለገ። ፈረስና ፍየል፣ ግመልና ዝሆን፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው መድረኩን ሞላው። የሚሽከረከረው የመድረክ ወለል ከመክፈቻው በፊት ተበላሸ። ፕራይስ በአንድ የመለማመጃ ቀን በመድረኩ ፒራሚድ ውስጥ ተዘግቶባት፣ በዚያ ከባድ ልብስ መውጫ አጥታ ቆየች። ተቺዎች ኦፔራውን አጣጣሉት፤ ባርበር በሐዘን ከአገር ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ራቀ። የፕራይስ ዘፈን ግን አልተነቀፈም፤ እሷም ከኦፔራው ሁለት ትልልቅ ክፍሎች መርጣ በኮንሰርት ላይ ለብዙ ዓመታት እያሰማች ሥራው ሙሉ በሙሉ እንዳይረሳ አደረገች።

ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የኦፔራ ምሽቶቿን ቀንሳ በፒያኖ ብቻ የሚታጀብ ኮንሰርት አበዛች። የኮንሰርቶቿ ቅደም ተከተል አይለወጥም ነበር፤ በሃንደል ወይም በሞዛርት አሪያ ትጀምራለች፤ የጀርመንና የፈረንሳይ ዜማዎች ይቀጥላሉ፤ የአሜሪካ ደራሲዎች ዜማ ይከተላል፤ መጨረሻው በባርነት ዘመን የጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር ነው። በታላላቅ አዳራሾች ውስጥ እነዚህ መዝሙሮች ከሹበርትና ከሽትራውስ ጎን እኩል ቦታ ያገኙት እንደ አንደርሰንና እንደ እሷ ባሉ ዘፋኞች እጅ ነው።

ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ሜትሮፖሊታን ውስጥ፣ በአይዳ ነው። ዕድሜዋ 58 ሊሞላ አምስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ትርኢቱ በመላው አሜሪካ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ምስሉ አለ። በናይል ዳርቻ የሚዘፈነውን የአገር ናፍቆት ስትጨርስ ጭብጨባው ለደቂቃዎች አላቋርጥ አለ። ፕራይስ ከሚናው ላለመውጣት ዝም ብላ፣ እንደ አይዳ ሆና ቆማ ትታያለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ዓይኖቿ ዕንባ ይሞላሉ፤ ከንፈሯም ይንቀጠቀጣል። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለዚያ ቤት 201 ጊዜ፣ በ16 ሚናዎች ዘፍናለች። ከዚያ ወዲያ በኮንሰርት ቀጠለች፤ በጡረታ ዘመኗም በ2001፣ በኒው ዮርክ የደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰለባዎች በካርኔጊ አዳራሽ ሲታሰቡ፣ በሰባ አራት ዓመቷ ተመልሳ ዘፍናለች። በ1964 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነጻነት ሜዳይ ተሸልማለች፤ 13 የግራሚ ሽልማቶች አግኝታለች።

እሷን ተከትለው ማርቲና አሮዮ፣ ግሬስ በምብሪ፣ ሸርሊ ቬሬት፣ ጄሲ ኖርማንና ካትሊን ባትል በዓለም ትልልቅ ቤቶች ዋና ዋና ሚና ያዙ። ጥቁር ሶፕራኖ ጣሊያናዊት ወይም ስፔናዊት መሆኗ ማንንም የማያስገርም ነገር የሆነው በእነዚህ ሴቶች ዘመን ነው። ፕራይስ በ1990 የአይዳን ታሪክ ለልጆች በመጽሐፍ ጻፈች፤ የዲዝኒ ኩባንያም ይህን መነሻ አድርጎ ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ የደረሱትን የሙዚቃ ድራማ በ2000 ብሮድዌይ ላይ አወጣ። በዚህ ሥራ ውስጥ ግን አይዳ የኑቢያ ልዕልት ሆናለች፤ ኢትዮጵያ ከታሪኩ ወጥታለች።

ፊትን ቀለም የመቀባቱ ልማድ ከፕራይስ በኋላም ወዲያው አልጠፋም። ሜትሮፖሊታን በ2015 የቨርዲ “ኦቴሎ”ን ሲያቀርብ ቀለሙን ተወ። በ2022 ግን የጣሊያኗ ቬሮና አምፊቲያትር አይዳን ቀለም ከተቀባች ዘፋኝ ጋር ሲያሳይ አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጅል ብሉ በዚያው መድረክ ልትዘፍን የተያዘችበትን “ላ ትራቪያታ” ትታ ወጣች። ጉዳዩ ብዙ ክርክር አስነሣ። ሜትሮፖሊታን ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አዲስ የአይዳ ዝግጅት ሲከፍት የኢትዮጵያን ልዕልት የዘፈነችው ይህችው ኤንጅል ብሉ ነበረች።